የማክሰኞ ትኬት

ማክሰኞ ነው፣ ትኬት በግማሽ ዋጋ፤
ዊኒፔግ ነው፣ ጥር ነው፣ ብርዱ የሚዋጋ።
ፊልሙ አለቀ። ስም ዝርዝሩ ሲያልፍ ተነሣን፣
ጓንት ከወንበር ሥር፣ ኮፍያ ከጉልበት ላይ እየረሳን፤
መኪናዬ እስኪሞቅ፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣
ከፈንድሻው ማሽን ጎን ቆምን፣ ጦርነቱን እንደ ቅርጫ ልንከፋፈል።

ኢዮስያስ ቀደመ። እዚሁ ነው የተወለደው፤
ጥይት የሚያውቀው በአውራ ጣቱ ነው፣ ከጌም ነው የለመደው።
«ቆጥሬዋለሁ» አለ፣ «ሽጉጡ ስምንት ይጎርሳል፤
ሰውዬው ደረጃው ላይ ብቻ ሃያ ሦስቴ ይተኩሳል!
ካዝና አልቀየረም፣ አንዴ እንኳ። እንዲህ ያለው ያናድደኛል፤
ታንኩ ድልድዩን ሲያፈርሰው ግን... እሱስ ይመቸኛል።»

ይርጋለም ሳቀች። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት።
«ደም እኮ» አለች፣ «የቲማቲም ድልህ አይደለም፤
ትከሻውን የተመታ ሰው ተነሥቶ አጥር አይዘልም።
ስንት ነገር አለ እዚያ ውስጥ፤ አጥንቱ፣ ነርቩ፣ የደም ሥሩ፤
በከረባት አስሮት ሮጠ! የት ነው እሱ አገሩ?»

አስካለ፣ ግማሹን ፊልም ዓይኗን በሻርፗ የጋረደች፣
«ውሻይቱስ?» አለች፣ «ከቤቱ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዴት ሄደች?»
ተርፋለች አልናት። «እንግዲያው ደግ ፊልም ነው» ብላ ዘጋች፤
ስለ ሰዎቹ አላነሣችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ማስቲካ ፈለገች።

እኔ የማየው መኪናውን ነው፤ ሾፌር ነኝ፣ ሌላ አላውቅም፤
አሥራ ሰባት መኪና ነደደ፣ ስለ ኢንሹራንስ አንድ ሰው አይጠይቅም።

አራታችን የተስማማነው በሃምሳ አለቃው አሟሟት ነው።
ደረቱን ተበስቶ፣ በጓደኛው ክንድ ላይ፣ አራት ደቂቃ አወራ፤
ስለ እናቱ አጥር፣ ስለ ፈረሱ፣ ስላለበት ብድር፣ በተራ በተራ።
«ሳንባው እኮ ተበስቷል፣» አለች ይርጋለም፣ «ትንፋሹን ከየት አምጥቶ?»
«ጠላትስ ቆሞ ጠበቀው?» አለ ኢዮስያስ፣ «ተኩሱን ትቶ?»
«ረዘመ» አልኩ። «እኔማ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ» አለች አስካለ።
ደምሰው ግን ፖስተሩ ፊት ቆሞ ዝም አለ።

ስሙ ደምሰው ነው፤ አባቱ ብዙ ተስፋ አድርገው ያወጡለት፤
እሱ የሚደመስሰው የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፣ ማታ፣ ልጆቹ ሲወጡለት።
ድሮ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረ፤ የት ግንባር እንደሆነ አልነገረንም፤
እኛም በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ልንጠይቀው አልደፈርንም።

«እኔ» አለ፣ «ለዚያች ለአራት ደቂቃ ነው የከፈልኩት።
ውሸት ናት። ጥይቱንም ቆጥሬ ነበር፤ ደሙንም አየሁት።
የኔ ጓድ ‹እባክህ ለ...› አለ። አለቀ።
‹ለእናቴ› ይሁን፣ ‹ለወንድሜ›፣ ወይስ ‹ለምን› ሊለኝ ነበር?
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ፊደል ይዞ ማደር!
እና አንድ ሰው፣ በውሸትም ቢሆን፣ ነገሩን ከአራት ነጥብ ሲያደርስ፣
እኔ አልቸኩልም። ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፣ እስኪጨርስ።»

የፈንድሻው ማሽን ጠፋ።
ይርጋለም ስለ ሳንባ ልትናገር ከፈተች፣ መልሳ ዋጠችው፤
አስካለ ማስቲካ አደለችን፤ ለደምሰው ሁለት ሰጠችው።

ፔምቢና መንገድ ላይ፣ ከኋላ ወንበር፣ ኢዮስያስ ቀስ ብሎ፣
«ፈረሱን ለማን ነበር ያለው?» አለ፣ ከጆሮው ማዳመጫውን ነቅሎ።
ደምሰው ከአጥሩ ጀመረለት፤ ቃል አልዘለለም፣
የተዋናዩን ሳል እንኳ አላስቀረም።
ቀዩ ሄዶ አረንጓዴ በራ፤ ከኋላችን አንዱ ጥሩምባውን ነፋ፤
እኛ ገና ፈረሱ ላይ ነን፣ ብድሩ ቀርቷል። ዳር ያዝኩ፣ ሞተር ሳላጠፋ።